የታጠፈ ጥግ

ሰኔ ነው በሊዮን፤ አራተኛ ፎቅ ላይ
መስኮቱን ብከፍትም ነፋስ የለም ከላይ።
ጠረጴዛዬ ላይ ሰማንያ ሁለት ወረቀት፣
ቀይ እስክሪብቶ፣ ውሃ፣ የደረቀ ብስኩት።
የተፈታኙ ስም ከጥጉ ታጥፎ በሙጫ ታሽጓል፤
ማን እንደሆነ እንጃ፣ ቁጥሩ ብቻ ይታያል።

ይትባረክ፣ የእህቴ ልጅ፣ ደውለህልኝ ነበር፣
«አክስቴ፣ ሰው በምን ይወድቃል?» ብለህ ለመማከር።
ያኔ መልስ አጣሁ። አሁን ግን ልንገርህ፣
እጄ እስኪዝል ካረምሁት ከዚህ ክምር ላሳይህ።

ግጥሙ አጭር ነው፤ አሥራ አራት መስመር፣
የአንዲት ባልቴት ቤት፣ የክረምት ምሽት፣ በር።
ወደ መጨረሻው ግድም፣ በእኛ አፍ ሳመጣው፣ እንዲህ ትላለች፦
«በሩን ዘጋሁት፤ ቁልፉ ግን ከውጭ ነው።»
በቃ፣ ይኸው ነው።

ቁጥር ሦስት የጀመረው ከአዳም ከሔዋን ነው፤
«የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ» ይላል መግቢያው።
በሩ ጋ ለመድረስ አንድ ገጽ ተኩል ፈጀ፤
ሲደርስም ሳይገባ ደጁ ላይ አረጀ።

ቁጥር ዘጠኝ ደግሞ ግጥሙን ተረከልኝ፤
«መጀመሪያ መሸ፣ ከዚያ ብርዱ መጣ፣ ከዚያ» አለኝ።
አንብቤዋለሁ እኮ፤ ያው ወረቀት ከእኔም እጅ አለ፤
ከሮን ወንዝ ቀድቶ ለሮን ቸርችሮ ዋለ።

አሥራ ስድስት ባለሙያ ነው፤ ያውቃል የሁሉን ስም፣
«ተለዋጭ ዘይቤ አለ፣ ሰውኛም፣ ምፀትም።»
እንደ ንብረት ክፍል ቆጠራቸው በሰልፍ፤
ምን እንደሠሩ ግን አንድ መስመር አይጽፍ።

ሃያ ሁለት አደነቀ፦ «ውብ ነው፣ ድንቅ ነው፣ ልብ ይነካል።»
ልብ መነካትን ማን ይጠላል?
የቱ ቃል ነው የነካህ? እሱን ጥቀስ፤ ጣትህን አሳርፍበት።
ያለ ጥቅስ ምስጋና የሠርግ ቤት ምርቃት ነው፤
ደስ ይላል፣ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ሃያ አምስት ተናጋሪዋን ከጸሐፊው ቀላቅሎ
ጢማሙን ገጣሚ ባልቴት አደረገው፣ ጥቁር ሻሽ ጠቅልሎ።

እኛ ዘንድ ሰም አለ፣ ወርቅ አለ፤ እናትህ ነግራሃለች፣ ታውቃለህ፤
ግን እንደ አርባኛው አትሁን፣ እባክህ።
ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ቤቱን ከመሠረቱ ቆፈረ፤
በሩ ሞት፣ ቁልፉ መንግሥት፣ ክረምቱ ጦርነት ሲል አደረ።
አንዳንዴ፣ የኔ ልጅ፣ ክረምት ማለት ብርድ ነው።
መጀመሪያ ይብረድህ።

ስቄባቸው እንዳይመስልህ።
እኔም በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ እዚሁ ከተማ፣
ስለ አንድ ባቡር ጣቢያ የሚያወራ ጽሑፍ ሰጡኝና
ጽሑፉን ትቼ የራሴን ጣቢያ ጻፍሁ፤
ድሬዳዋን፣ አባቴን፣ የሚያውለበልበውን መሐረብ፤
አራት ሰዓት ሙሉ አለቀስሁ በቀለም።
አራሚው ከግርጌ፦ «ያሳዝናል። የተጠየቅሽው ግን ይህን አይደለም።»
ስድስት ከሃያ።
ለዓመታት ጠላሁት። ዛሬ የእሱን ቀለም ይዣለሁ።

ስልሳ አንድ ግን፣ ይትባረክ፣
በሁለተኛው መስመር በሩ ላይ ደርሷል፤
«ግን» በምትለው ቃል ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ቆሟል።
ይህች ቃል ባትኖር፣ ይላል፣ ሴትዮዋ ቤቷን ዘግታ ተኛች፣ አለቀ፤
«ግን» ስትገባ ዘጊዋ ራሷ እስረኛ ሆነች፤
የሚከፍትላትን ትጠብቅ አትጠብቅ፣ መስመሩ አይናገርም።
ከዚያ አዲስ አንቀጽ፦ «ምናልባት ቁልፉን ራሷ»

ደወሉ።
እዚያው ቀረ። ማጠቃለያ የለም፤ አራት ነጥብ እንኳ የለም።

ባልደረባዬ ኦዲል ብታየው ሦስት ነጥብ ትቆርጥ ነበር፤ ደንብ ደንብ ነው።
አሥራ አምስት ጻፍሁ። ውሃ ጠጣሁ። ወደ አሥራ አራት ቀነስሁት።
ጥፍሬ ሳላውቀው የታጠፈው ጥግ ላይ ሄዶ ነበር፤ መለስሁት።

አንተ ሰዓትህን እይ። ለመጨረሻው አሥር ደቂቃ አስተርፍ።
እኔ ሃያ አንድ ወረቀት ይቀረኛል።
ብስኩቱን በላሁት።

ምናልባት ቁልፉን ራሷ ምን?